እሳት የወለደችው ላም

በቺካጎ ደቡባዊ ክፍል ከኖራ ድንጋይ የተገነባ አሮጌ በር ብቻውን ቆሟል። ከመካከለኛው ቅስት በላይ የሰንጋ ራስ ተቀርጾበታል። ሰንጋው በከብት ውድድር የተሸለመ እንደነበረና ሸርማን ተብሎ ይጠራ እንደነበር ይነገራል፤ ስሙም የተወሰደው ከቦታው መሥራቾች ከአንዱ ከጆን ሸርማን ነው። በሩ ዩኒየን ለሚባለው የከብት ገበያና በዙሪያው ለተኮለኮሉት ቄራዎች መግቢያ ነበር። ገበያው በ1865 በገና ዕለት ተከፈተ (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ከሸርማን ራስ ሥር ካለፈው ከብት አብዛኛው በእግሩ አልተመለሰም።

ይህችው ከተማ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ ከሦስት መቶ በላይ ላሞችን ቀለም ቀብታ፣ አበባ አሥራ፣ መነጽር አድርጋ ዋና ጎዳናዋ ላይ አሰለፈች። ሕዝቡም እንዲያ የሳቀበት በጋ ያለ አይመስለኝም። ነገሩ እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ ለመናገር ግን ከአንዲት እውነተኛ ላም መጀመር አለብኝ።

ጥቅምት 8 ቀን 1871 ማታ ዲኮቨን በሚባል ጎዳና ላይ፣ ፓትሪክና ካትሪን ኦሊሪ የተባሉ አየርላንዳውያን ስደተኛ ባልና ሚስት ከብቶቻቸውን በሚያሳድሩበት በረት እሳት ተነሣ። ወራቱ ድርቅ ነበር፣ ነፋሱ ይነፍሳል፣ ከተማዋም ከቤቷ እስከ እግረኛ መንገዷ የተሠራችው ከእንጨት ነው። እሳቱ ሁለት ቀን ነደደ። 300 ያህል ሰው ሞተ፣ 100,000 የሚሆን ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። የሚገርመው፣ የኦሊሪዎቹ ቤት ከእሳቱ ተረፈ። ቄራዎቹም ከእሳቱ መንገድ በስተደቡብ ስለነበሩ ሥራቸውን ቀጠሉ።

አመዱ ሳይቀዘቅዝ ወሬው ተነዛ፤ ወይዘሮ ኦሊሪ በሌሊት ላሟን ስታልብ ላሟ ፋኖሱን በእግሯ መታ ገለበጠችው ተባለ። የምርመራ ቦርድ ተቋቁሞ ሃምሳ የሚሆኑ ሰዎችን ጠይቆ የእሳቱን መነሻ ማወቅ አልቻልኩም አለ። የጋዜጣው አንባቢ ግን መልሱን አስቀድሞ ይዞታል። ሴትዮዋ ድኻ ናት፣ ካቶሊክ ናት፣ አየርላንዳዊት ናት፤ በዚያ ዘመን በዚያ ከተማ ለመወንጀል ይህ ይበቃ ነበር። በ1893 ማይክል አኸርን የሚባል ጋዜጠኛ የላሟን ታሪክ ፈጥረን የጻፍነው እኛ ነን ብሎ አመነ። ካትሪን ኦሊሪ ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይታ አረፈች። በሕይወት ሳለች ከጋዜጠኛ እየሸሸች፣ ፎቶግራፍ አልነሣም እያለች ነው የኖረችው።

እኛ አገር ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጇ ሆነባት ይባላል። ለቺካጎ ነገሩ ቃል በቃል ሊሆንላት ምንም አልቀረው፤ የሐሰት ታሪክ መሆኑ ታውቆም ልትተወው አልቻለችም። ላሟ በዘፈን ገባች፣ በፖስታ ካርድ ታተመች፣ የልጆች ቀልድ ሆነች።

ቄራዎቹ በዚህ መሀል አገሩን በሙሉ ይመግቡ ነበር። በረዶ የተጫነባቸው የባቡር ፉርጎዎች ሥጋውን ሳይበላሽ እስከ ኒው ዮርክ ያደርሱት ጀመር። የታረደው ከብት በሰንሰለት ተንጠልጥሎ በሠራተኞች ፊት ሲያልፍ አንዱ ቆዳ ይገፋል፣ ሌላው ጎድን ይለያል፣ ሌላው ሳንባና ጉበት ያወጣል። ሄንሪ ፎርድ መኪና የሚገጣጠምበትን ተንቀሳቃሽ መሥመር ሲያስብ ይህን የቺካጎ ሥጋ አራጆች አሠራር እንደ ምሳሌ መውሰዱን ራሱ ተናግሯል። በ1906 አፕተን ሲንክሌር ስለ ቄራ ሠራተኞች ኑሮ የጻፈው ልቦለድ ወጣ። አንባቢው ለሠራተኞቹ ከማዘን ይልቅ ለገዛ ሆዱ ደነገጠ፤ በዚያው ዓመት የሥጋ ምርመራ ሕግ ጸደቀ። በኋላ የጭነት መኪናና የገጠር ቄራ እየበዛ ሲመጣ ገበያው ከሳ፣ በ1971 ተዘጋ። በሩና ሸርማን ብቻ ቀሩ።

ገበያው ከመዘጋቱ አራት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ 1967፣ ከተማዋ ሌላ ዓይነት ፍጡር ጎበኛት። ፒካሶ የነደፈው አሥራ አምስት ሜትር ከፍታ ያለው የብረት ቅርጽ መሀል ከተማ አደባባይ ላይ ተገለጠ። ሴት ናት ያሉ ነበሩ፤ ውሻ ነው፣ ዝንጀሮ ነው ያሉም ነበሩ። ፒካሶ ራሱ ምን እንደሆነ አልተናገረም። አንድ የምክር ቤት አባል ይህ ይነሣና የቤዝቦል ተጫዋቹ የኧርኒ ባንክስ ሐውልት ይቁምልን አለ። ጊዜ ሲያልፍ ግን ልጆች የቅርጹን ተዳፋት መሠረት መንሸራተቻ አደረጉት፤ ያን ጊዜ ጠቡ በረደ። አደባባይ ላይ የሚቆም ነገር ልጅ ከወጣበት በኋላ የሚያወርደው ዳኛ አይገኝም።

አሁን ወደ ስዊዘርላንድ እንሻገር፤ የቀለሙ ሐሳብ የመጣው ከዚያ ነው። ዙሪክ አርማዋ አንበሳ ነው። በ1986 የከተማዋ ሰዎች የአንበሳ ቅርጾችን አሠርተው ለሠዓሊ ሰጡና የተቀቡትን በየጎዳናው አቆሙ። ያ ሐሳብ ለአሥራ ሁለት ዓመት ተኝቶ ከረመ። በ1998 ዋልተር ክናፕ የተባለ የጥበብ ዳይሬክተር የከተማዋን ነጋዴዎች ማኅበር ይዞ ድጋሚ ተነሣ። የዚያን ጊዜ የተመረጠችው ላም ነበረች። ስዊዝ ውስጥ ከላም የሚቀርብ ምን አለ? አይቡም፣ ቸኮላቱም፣ የተራራው ደወልም የእሷ ነው። ልጁ ፓስካል ክናፕ ሦስት ላሞችን ቀረጸ፤ አንዷ ቀና ብላ የቆመች፣ አንዷ ሣር የምትግጥ፣ አንዷ የተኛች። ከነዚህ ሦስት ቅርጾች በፋይበርግላስ እየተባዙ ነጭ ሆነው ወጡ። ነጭ መሆናቸው ነው ዋናው ነገር፤ ማንም የፈለገውን ይቀባባቸዋል። በዚያ በጋ 800 የሚያህሉ ላሞች በዙሪክ ባንኮች ደጃፍና በሐይቁ ዳር ቆሙ።

ከተመልካቾቹ አንዱ ፒተር ሃኒግ የሚባል የቺካጎ ጫማ ነጋዴ ነበር። ለእረፍት ሄዶ ያያቸው ላሞች ከልቡ አልወጡለትም፤ አገሩ ሲገባ የከተማዋን የባህል ጉዳዮች ኮሚሽነር ሎይስ ዋይስበርግን አነጋገረ። ስለዚህች ሴት አንድ ሁለት ቃል ካልተናገርኩ ታሪኩ ይጎድላል። ዋይስበርግ ሰው ከሰው የማገናኘት ተሰጥኦ የነበራት ናት፤ ዘ ኒው ዮርከር መጽሔት በ1999 መጀመሪያ ማልኮም ግላድዌል ስለ እሷ የጻፈውን ረጅም ሐተታ ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ ቀደም ብላ፣ በ1991፣ መሀል ከተማ ላይ ፈርሶ ባዶ የቀረ አንድ ብሎክ ነበርና እዚያ ድንኳን አስተክላ ወጣቶች እየተከፈላቸው ሥነ ጥበብ የሚማሩበትን ፕሮግራም አስጀምራለች። ሌላ ባለሥልጣን ቢሆን ለጫማ ነጋዴ የላም ወሬ ጊዜ ይሰጥ ነበር ብዬ አላምንም። እሷ ሰጠች።

ሁኔታውም ምቹ ነበር። ገና በ1997 የቺካጎ ምክር ቤት ካትሪን ኦሊሪንና ላሟን ከ1871ቱ እሳት ተጠያቂነት በይፋ ነጻ አውጥቷቸዋል። ከ126 ዓመት በኋላ! ላም በቺካጎ እንደ ዙሪክ የተራራ ጌጥ አይደለችም፤ የከተማዋ እንጀራ ነበረች፣ ሐሜቷም ነበረች። ስለዚህ ላሞቹ ሰኔ 15 ቀን 1999 ሚሺጋን አቬኑ ላይ ሲቆሙ የከተማው ሰው ማብራሪያ አልጠየቀም። ቀልዱ የራሱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። አንድ ድርጅት ስፖንሰር ሆኖ የላሟን ወጪ ይከፍላል፣ ሠዓሊ ይመረጣል፣ ሠዓሊው ንድፉን ያስጸድቃል፣ ከዚያ ቀለሙን፣ መስተዋቱን፣ ሸክላውን፣ ያሰበውን ሁሉ ይዞ ይገባል። የታወቁ ሠዓሊዎችም ነበሩ፣ የትምህርት ቤት ልጆችም ነበሩ። ላሞቹ ከኮንክሪት መሠረት ጋር ታሰሩ፤ ሌባ አለ፣ በሌሊት ሰክሮ የሚጋልብም አለ። አንዳንዶቹ ከመንገድ ከፍ ብለው ሕንጻ ላይ ተሰቀሉ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን የአገራችንን ሰው ቺካጎ ወስደን ብናሳየው ምን ይል ነበር እያልኩ ሳስብ ሳቄ ይመጣል።

በዚያ በጋ የሆነውን ነገር የሥነ ጥበብ ሃያሲዎች ብዙም አልወደዱትም። ፋብሪካ ያባዛው ቅርጽ ላይ ቀለም መቀባት ጥበብ አይባልም፣ ይህ የቱሪስት ማጥመጃ ነው አሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ብዙዎቹ ላሞች በቃላት ጨዋታ የተሠሩ ተራ ቀልዶች ነበሩ። ነገር ግን ሃያሲዎቹ የሚያዩት ላሟን ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ላሟ አጠገብ የሚሆነው ነው። ሙዚየም ገብተው የማያውቁ ሰዎች ካርታ ይዘው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይሄዱ ነበር። ልጅ ጀርባዋ ላይ ይወጣል፣ አያት ፎቶ ያነሣል፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ይቺን አይታችኋል ወይ ይባባላሉ። በትልቅ ከተማ እግረኛ መንገድ ላይ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር የሚያወራበት ምክንያት ጥቂት ነው፤ አደጋ ወይም ዝናብ ካልሆነ በቀር። የጄኔራል ሐውልት በፈረስ ላይ ሆኖ ወደ ላይ እንድናንጋጥጥ ያዝዘናል። ላሟ ግን ዓይኗ ከሰው ዓይን ትይዩ ነው፣ ትዳሰሳለች፣ አፍንጫዋን መያዝ ነውር የለውም።

ኤግዚቢሽኑ በጥቅምት መጨረሻ ሲዘጋ ላሞቹ ለጨረታ ቀረቡ። ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገኘ፣ ገንዘቡም ለበጎ አድራጎት ዋለ። ጎብኚዎች በዚያ በጋ ለከተማዋ 200 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገብተዋል የሚል ግምትም ተነገረ። እንዲህ ያለ ግምት ሁልጊዜ የሚወጣው ከሚጠቀምበት ወገን ስለሆነ እኔ ብዙ አልመካበትም። የሌሎች ከተሞች ከንቲባዎች ግን ተመኩበት።

የሚቀጥለው ዓመት በጋ ሰሜን አሜሪካ የእንስሳት ግቢ መሰለች። ቶሮንቶ ከ300 በላይ ሙስ የሚባሉ ባለ ትልቅ ቀንድ የሰሜን አጋዘኖች አቆመች፤ ቀንዳቸውን እየነቀሉ የሚሰርቁ ሰዎች አስቸገሯት። ሲንሲናቲ አሳማ መረጠች። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የአሳማ ሥጋ ዋና ከተማ ስለነበረች ምርጫው ከታሪኳ የተገኘ ነው። ሌክሲንግተን የፈረስ እርባታ አገር ናትና ፈረስ አለች። ቻርልስ ሹልዝ ያደገባት ሴንት ፖል፣ ሠዓሊው በየካቲት 2000 ሲያርፍ፣ በበጋው የፈጠረውን ውሻ ስኑፒን በየመንገዱ አቆመችለት። እነዚህ ሁሉ የራሳቸውን እንስሳ ነው ያወጡት፤ ቀልዱም የሠራው ለዚያ ነው። ከነሱ በኋላ የመጡ ብዙ ከተሞች ግን ምክንያት ሳይኖራቸው ሐሳቡን ብቻ ተዋሱ። ላሞቹም ራሳቸው በአንድ የኮኔቲከት ኩባንያ እጅ ገብተው የተመዘገበ የንግድ ስም ሆኑ፤ በትንሹ ተሠርተው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ የሸክላ ላሞችም ይሸጡ ጀመር።

ኒው ዮርክ በ2000 ተራዋን ስትወስድ 500 ያህል ላሞች አቆመች። ከተጋበዙት ሠዓሊዎች አንዱ የፊልም ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊንች ነበር። የሊንች ላም እንደ ሌሎቹ አበባ አላሠረችም። አንገቷ ተቆርጧል፣ ጀርባዋ ተከፍቷል፣ ሹካና ቢላ ተሰክቶባታል፤ ሰውነቷ ላይ ፍርሃቴን ብሉ የሚል ተጽፎባታል። አዘጋጆቹ ልጆች ያያሉ ብለው ከለከሉ። ሊንች የሠራው ነገር ያምራል አልልም። ግን ልብ በሉ፦ በ500 ላሞች መካከል ስለ ላም የተናገረችው እሷ ነበረች። ሌሎቹ የነጻነት ሐውልትን፣ ታክሲን፣ ባሌሪናን ለመምሰል ሲሽቀዳደሙ ይህችኛዋ ከብት ሰው ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደሚደርስ አሳየች። ሸርማን ከቅስቱ ላይ ሆኖ መቶ ዓመት ያየውን ማለት ነው።

ያው ጥያቄ ከሁለት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ገባ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2002 መቶ አህያና መቶ ዝሆን ለማቆም ወሰነች። አህያው የዴሞክራት፣ ዝሆኑ የሪፐብሊካን ፓርቲ ምልክት ነው፤ ሁለቱንም በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በሕዝብ ዘንድ ያስለመዳቸው የካርቱን ሠዓሊው ቶማስ ናስት ነበር። ፔታ የተባለው የእንስሳት መብት ተሟጋች ድርጅት እንደማንኛውም ስፖንሰር ገንዘቡን ከፍሎ ዝሆን ገዛ፤ ከዚያ ንድፍ አቀረበ። ዝሆኗ የሰርከስ ናት፣ እግሯ በሰንሰለት ታስሯል፣ እንባዋ ይወርዳል። የከተማዋ የሥነ ጥበብ ኮሚሽን አይሆንም አለ። ድርጅቱ ከሰሰ፣ የፌዴራል ዳኛው ሪቻርድ ሊዮን በነሐሴ ዝሆኗ እንድትቆም አዘዙ፤ ቆመችም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ2005 ውሳኔውን ሻረ። ዝሆኖቹና አህዮቹ የሚናገሩት የመንግሥትን ቃል ነው፣ መንግሥት ደግሞ በራሱ ድምፅ የሚናገረውን የመምረጥ መብት አለው አለ። ሕጉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሚስቅ ዝሆን ተፈቅዶ የሚያለቅስ ዝሆን ሲከለከል፣ ሳቁ ምን ላይ እንደቆመ ትንሽ ያሳያል።

አውሮፓ የራሷን መንገድ ሄደች። በርሊን አርማዋ ድብ ነውና ክላውስና ኤቫ ኸርሊትስ የተባሉ ባልና ሚስት በ2001 እጃቸውን ወደ ላይ የዘረጉ ድቦችን በከተማዋ አቆሙ። በ2002 ደግሞ ከመቶ በላይ አገሮች ሠዓሊዎች እያንዳንዳቸው አንድ ድብ ቀቡ፤ ድቦቹም ብራንደንቡርግ በር አጠገብ እጅ ለእጅ ተያይዘው በክብ ቆሙ፤ ከዚያ ሆንግ ኮንግን፣ ካይሮን፣ ኢየሩሳሌምን ዞሩ። ስቶክሆልም በ2004 ላሞቹን ስትቀበል ደስ ያላላቸው የግድግዳ ሠዓሊዎች አንዷን ላም አግተው፣ የቀሩት ላሞች ጥበብ አይደሉም ተብሎ ካልታወጀ እንሰዋታለን ብለው ማስጠንቀቂያ ላኩ። ሊቨርፑል ውስጥ የጃፓኑ ሠዓሊ ታሮ ቺዬዞ በ1998 ያቆመው ግማሹ በግ ግማሹ ሙዝ የሆነ ቢጫ ፍጡር ነበር። የዘረመል ምህንድስናን ለማስጠንቀቅ የታሰበ ቢሆንም ሕዝቡ ማስጠንቀቂያውን ትቶ ፍጡሩን ወደደው፤ ወደቡ በግ የሚያሳልፍ፣ ሙዝ የሚያወርድ ነበርና። በ2008 ከተማዋ የአውሮፓ የባህል መዲና ስትሆን 125 ትንንሽ ግልባጮች ተሠርተው ተሸጡ፤ 550,000 ፓውንድ ያህል አስገኙ።

ሊንች የጠየቀውን ጥያቄ ሳያስከፋ የመለሰው ግን ሌላ ሰልፍ ነው። በ2006 በታይላንድና በምያንማር ድንበር ሞሻ የምትባል የሰባት ወር የዝሆን ግልገል ፈንጂ ረግጣ የፊት እግሯን አጣች። ላምፓንግ ውስጥ ባለው የዝሆን ሆስፒታል ዶክተር ቴርድቻይ ጂቫካቴ ሰው ሠራሽ እግር ሠሩላት፤ እንዲህ ያለ እግር የተገጠመላት የመጀመሪያዋ ዝሆን እሷ ናት። ሆስፒታሉን የጎበኙት ሆላንዳውያን አባትና ልጅ፣ ማርክና ማይክ ስፒትስ፣ በ2007 በሮተርዳም የተቀቡ የዝሆን ግልገሎችን ሰልፍ አቋቋሙ፤ የገቢው ድርሻ ለእስያ ዝሆኖች እንዲውል አደረጉ። በ2010 ለንደን ከ250 በላይ ዝሆኖችን በየመናፈሻዋና በየጎዳናዋ ስታቆም ከ4 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተገኘ። እነዚህም አበባ የተሣለባቸው፣ ልጅ የሚወጣባቸው፣ እንደ ቺካጎዎቹ የሚያስቁ ናቸው። ልዩነቱ ቅርጹ ከኋላው የቆመውን እንስሳ አለመደበቁ ነው።

ሎይስ ዋይስበርግ በ2016 መጀመሪያ በ90 ዓመቷ አረፈች። በዚያው ዓመት ሞሻ አሥር ዓመቷ ነበር። እግሩ መጀመሪያ ሲገጠምላት ክብደቷ 600 ኪሎ ገደማ ነበር፤ በ2016 ግን ከ2,000 ኪሎ አልፋ ነበር፤ በየጊዜው እያደገች የቀድሞው ስለማይችላት ዶክተሩ ያኔ ዘጠነኛውን እግር ሠርተውላት ነበር።